ሽንት ሲያመልጥ ምርመራው ከየት ይጀምራል? በደሴና በኮምቦልቻ ለሚኖሩ ሴቶች ዝርዝር መመሪያ

ሽንት ማምለጥ ራሱን የቻለ በሽታ አይደለም፤ ምልክት ነው። ከኋላው ፈጽሞ የማይመሳሰሉ ችግሮች ሊኖሩ ይችላሉ፤ የአንዱ ሕክምና ለሌላው አይጠቅምም፣ አንዳንዴም ይጎዳል። ያለጊዜው የሚኮማተርን ፊኛ ለማረጋጋት የሚሰጥ ክኒን፣ ፊኛዋ ሳይጎድል ሞልቶ ለሚፈስባት ሴት ቢሰጥ ሽንቷን ጭራሽ ሊዘጋው ይችላል። ሆኖም "ሽንት ያስቸግረኛል" ብላ የሄደች ሴት ብዙ ጊዜ የሽንት ናሙና ሰጥታ፣ የአንድ ሳምንት አንቲባዮቲክ ይዛ ወደ ቤቷ ትመለሳለች። ችግሯ ኢንፌክሽን ካልነበረ ክኒኑ ያልቃል፣ ሽንቱ ግን ማምለጡን ይቀጥላል፤ እርሷም "መድኃኒት አልሠራልኝም" ብላ ትተወዋለች።

ደስ የሚለው ነገር፣ አብዛኛውን መልስ የሚሰጠው ውድ መሣሪያ አይደለም። በደንብ የተነገረ ታሪክ፣ የሦስት ቀን ማስታወሻና በትክክለኛው ቅደም ተከተል የተደረገ ቀላል ምርመራ የብዙ ሴቶችን ችግር ይለያሉ። ሁለቱን እርስዎ ቤት ውስጥ ይሠሩታል።

1. በቅድሚያ መጠበቅ የሌለባቸውን ይለዩ

ሽንት ማምለጥ ከጀመረ ዓመታት ካለፉት የሚቀጥሉትን እርምጃዎች ተረጋግቶ መከተል ይቻላል። ከሚከተሉት አንዱ ካለ ግን ማስታወሻ መያዙን ትተው ዛሬውኑ ሆስፒታል ይሂዱ፦

ሽንት ጨርሶ እምቢ ብሎ ከእምብርት በታች ሆድ ሲወጠር፤ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከጎን ሕመም ጋር ሲመጣ፤ በተለይ በእርግዝና ወቅት ከሆነ። ከወገብ ሕመም ጋር እግር ሲሰንፍ፣ በመቀመጫና በጭን መካከል ያለው ቦታ ሲደነዝዝ፣ ወይም ሰገራም አብሮ ሲያመልጥ ደግሞ ነርቭ ተጨፍልቆ ሊሆን ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ መታየት ያስፈልጋል።

ከወሊድ ወይም ከማሕፀን ቀዶ ሕክምና በኋላ ሽንቱ ቀንና ሌሊት ያለማቋረጥ የሚፈስ ከሆነም አይዘግዩ፤ ምክንያቱን ከታች ስለ ፊስቱላ በተጻፈው ክፍል ያገኙታል። ሽንት ላይ ደም ከታየ፣ ሕመም ባይኖረውም እንኳ፣ በዚያው ሳምንት መመርመር አለበት፤ ኢንፌክሽን ነው ተብሎ ታክመው ደሙ ከተመለሰ ደግሞ ሁለተኛ አንቲባዮቲክ ሳይሆን የፊኛና የኩላሊት ምርመራ ይጠይቁ።

2. "መቼ ነው የሚያመልጠኝ?" የሚለውን ይመልሱ

ከጥያቄዎች ሁሉ ብዙ የሚናገረው ይህ ነው። ያለፉትን ሦስት ወራት ያስቡና ሽንት ያመለጠዎት አብዛኛውን ጊዜ በምን ሁኔታ እንደነበር ይለዩ።

ሲያስሉ፣ ሲያስነጥሱ፣ ሲስቁ፣ ሃያ ሊትር ጀሪካን ሲያነሡ፣ የደሴን ቁልቁለት ሲወርዱ፣ ለስግደት ወይም ለሰላት ጎንበስ ብለው ሲነሡ ጠብ የሚል ከሆነ፣ ሆድ ውስጥ የተፈጠረው ግፊት የሽንት መውጫውን አሸንፎታል ማለት ነው። ይህ በጫና የሚመጣው ዓይነት ነው። መጠኑ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው፤ ከሳሉ ጋር ይመጣል፣ ከሳሉ ጋር ያቆማል። ተኝተው ሳለ አያስቸግርም። ብዙ የወለዱ፣ የከባድ ሸክም ሥራ ያለባቸው፣ አስም ወይም የቆየ ሳል ያለባቸው ሴቶች ላይ ይበዛል።

ድንገት መጥቶ የሚያጣድፍ፣ "አሁኑኑ" የሚል፣ መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ የሚያመልጥ ከሆነ ደግሞ ፊኛው ሳይሞላ እየተኮማተረ ነው። የሚቀሰቅሱት ነገሮች ይታወቃሉ፦ የሚወርድ ውኃ ድምፅ፣ ቁልፍ በር ላይ ማስገባት፣ በደሴ ጠዋት ቀዝቃዛ ውኃ መንካት። ለሱብሒ ውዱእ ሲያደርጉ የሚያጣድፋቸው እናቶች ይህን በትክክል ያውቁታል። መጠኑ ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ሌሊትም ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል።

ሁለቱም ያሉባቸው ሴቶች ጥቂት አይደሉም። እዚህ ላይ ቁም ነገሩ የትኛው የበለጠ እንደሚያስቸግር መለየት ነው፤ ሕክምናው የሚጀምረው ከዚያ ነውና።

ሦስተኛው ዓይነት የሚታለፈው ነው፦ ሽንት በቀጭኑ ይወርዳል፣ ለመጀመር ያስምጣል፣ ከጨረሱ በኋላም ያልወጣ እንዳለ ይሰማል፣ ከዚያ ቀን ሙሉ ጠብ ጠብ ይላል። ይህ ሳይጎድል ሞልቶ የሚፈስ ፊኛ ነው። የቆየ ስኳር በሽታ፣ የነርቭ ጉዳት፣ የወረደ ማሕፀን ወይም አንዳንድ መድኃኒቶች ያመጡታል።

በመጨረሻም ፊኛው ጤነኛ ሆኖ፣ ጉልበቷን ስለሚያማት ወይም መጸዳጃ ቤቱ ከግቢው ጥግ ስለሆነ ሳትደርስ የሚያመልጣት አረጋዊት አለች። ለእርሷ አልትራሳውንድ ምንም አይነግርም፤ አልጋዋ አጠገብ የሚቀመጥ ፖፖ ግን ብዙ ይለውጣል።

እናትዎን የሚጠይቁ ከሆነ አጠያየቁ ላይ ይጠንቀቁ። "እማማ፣ ሽንት ያመልጥዎታል?" ሲባሉ "ኧረ ደህና ነኝ ልጄ" ማለታቸው የተለመደ ነው። "ሲያስሉ ልብስዎን እርጥብ ይልዎታል? ከቤት ሲወጡ ጨርቅ ይይዛሉ? መንገድ ላይ መጸዳጃ ስለሌለ ብለው የቀሩበት ለቅሶ ወይም ሠርግ አለ?" ብሎ መጠየቅ እውነተኛ መልስ ያመጣል። ጥያቄው ወንድ ልጅ ወይም ምራት በሌሉበት ቢሆን ይመረጣል።

3. የሦስት ቀን ማስታወሻ ይያዙ

ይህን ምርመራ የሚያህል ነገር በማንኛውም ክሊኒክ በገንዘብ አይገዙም። የሚያስፈልገው ደብተር፣ እስክሪቢቶና መለኪያ ነው። ለመለኪያው ባለ አንድ ሊትር የሃይላንድ ጠርሙስ አንገቱን ይቁረጡና ውኃ በስሪንጅ እየለኩ በየ50 ሚሊ ሊትሩ በማርከር ያስምሩበት። የቤትዎን ሲኒና ብርጭቆም በዚያው ይለኩ፤ ስኒዎች እንደየቤቱ ይለያያሉ።

አራት ነገሮችን ብቻ ይጻፉ፦ ምን ያህል ምን ጠጡ፣ ስንት ሚሊ ሊትር ሸኑ፣ አመለጠዎት ወይ፣ ያን ጊዜ ምን እያደረጉ ነበር። ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጻፉ "ቀን" ወይም "ሌሊት" ብለው ይጨምሩበት፤ ያለዚያ የሌሊት 8 ሰዓቱ ከቀኑ 8 ሰዓት ጋር ይምታታል። የመኝታና የመነሻ ሰዓትዎንም ይመዝግቡ። አንድ ገጽ ይህን ሊመስል ይችላል፦

ጠዋት 12፡30፣ ከእንቅልፍ ስነሣ፣ 350 ሚሊ ሊትር።
ጠዋት 2፡15፣ ቡና፣ ሦስት ሲኒ።
ጠዋት 3፡10፣ አጣደፈኝ፣ በሩ ላይ አመለጠኝ፣ ልብስ ቀየርኩ፣ ከዚያ 120 ሚሊ ሊትር።
ጠዋት 4፡00፣ እንደገና አጣደፈኝ፣ 90 ሚሊ ሊትር፣ አላመለጠኝም።

ከአቦል እስከ በረካ የተጠጣው ቡና እዚህ ዝርዝር ውስጥ መግባቱ በምክንያት ነው። ካፌይን ሽንት ያበዛል፣ ፊኛንም ይቀሰቅሳል። ጫትም ከነውኃውና ከነሻዩ ይጻፍ፤ ማንም አይፈርድብዎትም፣ ካልተጻፈ ግን መልሱ ይሳሳታል።

ቀኖቹን ሲመርጡ የተለመዱ ቀናት ይሁኑ። የረመዳን ወይም የጾም ቀን አጠጣጥን ስለሚለውጥ ብቻውን አይበቃም። ከሦስቱ አንዱ የሥራ ቀን ቢሆን ይሻላል፦ የሰኞ ገበያ ውሎ፣ ወይም በኮምቦልቻ ፋብሪካ ፈረቃ የገቡበት ቀን። ከሁሉ በላይ ግን አጠጣጥዎን ለማስታወሻው ብለው አያስተካክሉ። ውዱእ እንዳይፈርስ ወይም ቅዳሴ መሐል እንዳያስወጣ ብለው ውኃ የሚቀንሱ ብዙ ናቸው፤ የሚቀንሱ ከሆነ እንደዚያው ይቀንሱና ያንንም ይጻፉት። በጣም የጠቆረ ሽንት ራሱ ፊኛን ሊያስቆጣ ይችላል።

ሦስቱ ቀናት ሲያልቁ ገጾቹን እንዲህ ያንብቡ። ቀን ላይ እስከ ሰባት ወይም ስምንት ጊዜ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ መሽናት ለብዙ ሴቶች የተለመደ ነው። የአዋቂ ሰው ፊኛ ከ400 እስከ 600 ሚሊ ሊትር ገደማ ይይዛል። በየጊዜው ከ100 እስከ 150 ሚሊ ሊትር ብቻ እየወጣ የሚያጣድፍ ከሆነ ጥርጣሬው ወደ ተቆጣ ፊኛ ያዘነብላል። መጠኑ ደህና ሆኖ ሲያስሉና ሲያነሡ ብቻ የሚያመልጥ ከሆነ ወደ ጫናው። በቀን ከሦስት ሊትር በላይ ሽንት ከወጣ ደግሞ ጥፋቱ የፊኛው ላይሆን ይችላል፤ ወይ ብዙ እየጠጡ ነው፣ ወይ የደም ስኳር መለካት አለበት። በዕድሜ በገፉ ሴቶች ላይ ከሃያ አራት ሰዓቱ ሽንት ከሲሶው በላይ በእንቅልፍ ሰዓት ከወጣ፣ እግራቸው ያብጥ እንደሆነ፣ የልብና የደም ግፊት ሁኔታቸው እንዴት እንደሆነ መታየት አለበት።

የደሴ ብርድ ሽንት ያበዛል፤ ይህ እውነት ነው። ቅዝቃዜ ግን ሽንትን ያበዛል እንጂ ጤነኛ ፊኛ እንዲያመልጠው አያደርግም። "ብርድ መትቶኝ ነው" ብሎ ዓመት መጠበቅ ትክክል አይደለም።

4. መድኃኒቶችዎን በፌስታል ይሰብስቡ

ስማቸውን ለማስታወስ አይሞክሩ፤ ካርቶናቸውን ይዘው ይሂዱ። ለደም ግፊት የሚሰጠው ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ ደረቅ ሳል ያመጣል፣ ሳሉም ሽንት ያስመልጣል፤ መድኃኒቱ ሲቀየር ሁለቱም የሚሻላቸው አሉ። ላሲክስና ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ሽንት ያበዛሉ። ፕራዞሲን የሽንት መውጫውን ያላላል። አሚትሪፕቲሊን በተቃራኒው ፊኛ እንዳይጎድል ሊያደርግ ይችላል። ምንም ቢያገኙ በራስዎ ውሳኔ አያቁሙ፤ በተለይ የግፊት መድኃኒት።

ከፌስታሉ ጋር አንድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ስንት እንደወለዱ፣ ምጥ የረዘመበት ወሊድ እንደነበረ፣ በመሣሪያ ወይም በቀዶ ሕክምና እንደወለዱ፣ የወር አበባ መቼ እንደቆመና ሆድ ድርቀት እንዳለ ይጻፉ። የደረቀ ሰገራ ፊኛን ይጫናል፤ በእርጅና ዘመን በሚመጣ ሽንት ማምለጥ ላይ ይህ ቀላል ምክንያት በተደጋጋሚ ይረሳል።

5. ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል የሚሄዱበት ቀን

የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆኑ ድንገተኛ ካልሆነ በስተቀር ከጤና ጣቢያ ይጀምሩ፤ ወደ ደሴ ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሚያስፈልግ ከሆነ ሪፈር ያጽፉ። በሴት ባለሙያ መታየት ከፈለጉ ካርድ ሲያወጡ ይናገሩ፤ አዋላጅ ነርሶች ዘንድ ይህ ብዙ ጊዜ አያስቸግርም።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ስለሆነ ሽንትዎን ሸንተው አይግቡ። የሳል ፈተና የሚሠራው ፊኛው ውስጥ ቢያንስ ከ200 እስከ 300 ሚሊ ሊትር ሲኖር ነው። ከኮምቦልቻ ሐረጎን ወጥተው ወደ ደሴ የሚመጡ ከሆነ ግን ፊኛ ሞልቶ ያንን ጠመዝማዛ መንገድ መሄድ ቅጣት ነው፤ ሲደርሱ ሸንተው ውኃ ይጠጡና ተራዎን ይጠብቁ። የወረፋው ርዝመት ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማል።

መጀመሪያ የሳል ፈተናው ይደረጋል። በአልጋው ላይ ተኝተው ጠንከር አድርገው ይስላሉ፤ ባለሙያዋ የሽንት መውጫውን ትመለከታለች። ካልታየ እግርዎን ከፈት አድርገው ቆመው ይደገማል። ከሳሉ ጋር በዚያው ቅጽበት ጠብ ካለ፣ በጫና የሚመጣው ዓይነት ተረጋገጠ። ሳሉ ካለፈ ከጥቂት ሰከንዶች በኋላ ጀምሮ የሚቀጥል ከሆነ ሳሉ ፊኛውን አኮማትሮት ነው፤ ይህ የጥድፊያው ዓይነት ነው። ልዩነቱ የሰከንዶች ነው፤ ባለሙያዋ ዓይኗን ከቦታው እንዳታነሣ የሚፈለገው ለዚህ ነው። እርስዎም አይፈሩ፤ ማምለጡ ስኬት የሚሆንበት ብቸኛው ቦታ ይህ ነው።

ከዚያ ሸንተው ናሙና ይሰጣሉ። ታጥበው፣ የመጀመሪያውን ፈሰስ አድርገው ከመሐሉ ይቅዱ። ወዲያው፣ በአሥር ደቂቃ ገደማ ውስጥ፣ ፊኛ ውስጥ የቀረው ሽንት በአልትራሳውንድ ወይም ካቴተር በሚባል ቀጭን ቱቦ ይለካል። ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ጤነኛ ነው፤ ከ100 በታችም ብዙ አያሳስብም። በተደጋጋሚ ከ150 እስከ 200 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ፊኛው በደንብ አይጎድልም ማለት ነው፤ የሚያረጋጋ ክኒን ከመጀመር በፊት ምክንያቱ መፈለግ አለበት። አልትራሳውንድ ክፍሉ ወረፋ ስላለው ሸንተው ከአንድ ሰዓት በኋላ ቢለኩ ፊኛው እንደገና ስለሚሞላ ቁጥሩ ያሳስታል። እንደዚያ ከሆነ እንደገና ሸንተው እንዲለካ ይጠይቁ።

6. የላብራቶሪው ወረቀት

ናይትራይት (የባክቴሪያ ምልክት) እና ሉኮሳይት (ነጭ የደም ሴል) ሁለቱም ከታዩ፣ በተለይ ማቃጠል ካለ፣ ኢንፌክሽን መሆኑ አይቀርም፤ ይታከምና ሽንት ማምለጡ አብሮ ይጠፋ እንደሆነ ይታያል። ካልጠፋ ምርመራው ይቀጥላል እንጂ አንቲባዮቲኩ አይደገምም። ወረቀቱ ላይ የኤፒተልየም ሴሎች ብዙ ተብሎ ከተጻፈ ናሙናው ከቆዳ የተነካካ ስለሆነ እንደገና ይሰጥ። ኢንፌክሽኑ የሚመላለስ ከሆነ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለይ ምርመራ) ይጠየቅ፤ ውጤቱ አንድ ሁለት ቀን ይፈጃል። ስኳር ከታየ የደም ስኳር ይለካ፣ ደም ብቻውን ከታየ በተራ ቁጥር 1 የተባለው ይፈጸም። የወር አበባ የቀረባት ወጣት ሴት የእርግዝና ምርመራም ይደረግላት።

7. የአካል ምርመራው

ይህ ክፍል ብዙ ጊዜ ይዘለላል። ባይዘለል ጥሩ ነው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሆድ በእጅ ይዳሰሳል፤ የሞላ ፊኛ ወይም ዕጢ ይገኝ ይሆናል። ብልት ይታያል፤ ካረጡ በኋላ የሳሳና የደረቀ ቆዳ ራሱ ጥድፊያና ማቃጠል ያመጣል። ከዚያ እንዲያምጡ ተደርጎ ማሕፀን ወይም የብልት ግድግዳ ይወርድ እንደሆነ ይፈተሻል። የወረደ ማሕፀን የሽንት መውጫውን አጥፎ ማምለጡን ሊደብቀው ስለሚችል፣ ወደ ቦታው ከፍ ተደርጎ የሳል ፈተናው ይደገማል።

በመጨረሻ ፊኛንና ማሕፀንን ከታች የሚደግፉት የዳሌ ወለል ጡንቻዎች ጥንካሬ በጣት ይለካል፤ ከ0 እስከ 5 ይሰጣል። "ጨምቂ" ሲባሉ ሆዳቸውን ወይም ቂጣቸውን የሚጨምቁ ብዙ ናቸው፤ ስለዚህ ትክክለኛውን ጡንቻ እዚያው መማር ነው። የእግር ጥንካሬና በመቀመጫ አካባቢ ያለው የመነካት ስሜትም ይፈተሻሉ።

8. ሽንቱ ጊዜ የማይመርጥ ከሆነ፦ ፊስቱላ

የጽንሱ ጭንቅላት በረዘመ ምጥ ፊኛውን ከዳሌ አጥንት ጋር ለረጅም ሰዓት ሲጨቁነው ደም ያጣው ሥጋ ይሞታል፤ ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ባሉት ከሦስት እስከ አሥር ቀናት ውስጥ ተቦድሶ ሽንት በብልት ይፈሳል። በቀዶ ሕክምና ወቅት በሚደርስ ጉዳትም ይመጣል። ሳልም ጥድፊያም አያስፈልገው፤ ተኝተውም ተቀምጠውም ይፈሳል።

ቀዳዳው ትልቅ ከሆነ በዓይን ይታያል። ትንሽ ከሆነ በቀለም ይፈተሻል፦ ሦስት ጋዞች ከላይ እስከ ታች በብልት ውስጥ ተደርድረው ይቀመጣሉ፤ ፊኛው በካቴተር በኩል ሜቲሊን ብሉ በተቀላቀለበት ውኃ ይሞላል፤ ሴትየዋ ለጥቂት ደቂቃ ትራመዳለች። መሐለኛው ጋዝ ሰማያዊ ከሆነ ቀዳዳው ከፊኛ ወደ ብልት ነው። ታችኛው ብቻ ከተቀለመ ሽንቱ የወጣው በተለመደው መውጫ ነው። ላይኛው ርሶ ግን ካልተቀለመ፣ ሽንቱ ፊኛ ሳይደርስ ከኩላሊት ከሚወርደው ቱቦ እየፈሰሰ ነው።

መዘግየት የማያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ወሊዱ ቅርብ ከሆነና ቀዳዳው ትንሽ ከሆነ፣ ካቴተር ለሳምንታት ገብቶ ፊኛው እንዲያርፍ ሲደረግ ያለ ቀዶ ሕክምና ሊዘጋ ይችላል። ለዓመታት የቆየውም በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊን እ.ኤ.አ. በ1974 አዲስ አበባ ላይ ያቋቋሙት የፊስቱላ ሆስፒታል ቅርንጫፍ በባሕር ዳር አለ፤ ሕክምናው በነፃ ነው። ወሎ ገጠር ውስጥ ይህን ሳትሰማ ከሰው ተለይታ የተቀመጠች ዘመድ ካለችዎት፣ በቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ በኩል ሪፈር ማስጀመር ይቻላል።

9. ተጨማሪ ምርመራ መቼ ይፈለጋል?

በፊኛ ውስጥ ያለውን ግፊት የሚለካው ዩሮዳይናሚክ የሚባል ምርመራ በየሆስፒታሉ የሚገኝ አይደለም፤ ለአብዛኞቹም አያስፈልግም። ታሪኩና የሳል ፈተናው ከተስማሙ፣ የቀረው ሽንት ትንሽ ከሆነ፣ ሕክምና መጀመር ይቻላል። የሚፈለገው ከዚህ በፊት ለዚሁ ችግር ቀዶ ሕክምና ለተደረገላት፣ የነርቭ ሕመም ላለባት፣ ወይም ምልክቶቿና የምርመራ ውጤቷ ለማይጣጣሙ ሴት ነው። የፊኛን ውስጥ በመሣሪያ ማየት ደግሞ በዋናነት ሽንቷ ላይ ደም ለታየባት ሴት ነው።

10. ከክፍሉ ሳይወጡ

ካርዱ ላይ "የሽንት ችግር" ብቻ ተጽፎ አይውጡ። "የትኛው ዓይነት ነው? ሸንቼ ከጨረስኩ በኋላ ስንት ቀረ? የሳል ፈተናው ምን አሳየ?" ብለው ይጠይቁና መልሱን በማስታወሻዎ ጀርባ ያጽፉ፤ ሌላ ቦታ ቢላኩ ምርመራው ከዜሮ አይጀምርም። ለጫናው ዓይነት የመጀመሪያው ሕክምና ቢያንስ ለሦስት ወር በየቀኑ የሚሠራ የዳሌ ወለል እንቅስቃሴ ነው፤ ለጥድፊያው ደግሞ በሁለት ሽንት መካከል ያለውን ጊዜ ቀስ በቀስ የሚያራዝም የፊኛ ልምምድ፣ ቢያንስ ለስድስት ሳምንት። ጊዜው ሲሞላ ያንኑ የሃይላንድ መለኪያ አውጥተው የሦስት ቀን ማስታወሻውን እንደገና ይሙሉና ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዘው ወደ ቀጠሮዎ ይመለሱ።